የአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁጥር

«ደሜን ለመለማመጃ ነው የምትወስደው» አለች እትዬ ከውስጥ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቃሉ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ደረጃው ላይ ለቆመችው የወንድሟ ሚስት ደረሳት። «ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ነው ያለው፤ ዛሬ ገና አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ቢንቢ ግን ምን ቸገራት። መርፌዋን ይዛ ትመጣለች፣ መጥጣ ትሄዳለች።»

የእትዬ እናት ከት ብለው ሳቁ።

ቢንቢ የሚሏት እሷን ነው። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ለዚህ ቤት ልጅ ከተዳረች ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት «የሁላችሁንም ስኳር ልለካ» ብላ በአንድ እሑድ ዘጠኝ ክንድ ከወጋች ወዲህ ሌላ መጠሪያ አላገኘችም። ስሙን ያወጣችላት እትዬ ናት፤ የባሏ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የቤቱ አለቃ። ቢንቢ ሥራ ከመግባቷ በፊት ልድረስ ብላ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት አውቶብስ ቀይራ ነው የመጣችው፤ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም። የሰማችው ነገር ሆድ ያስብሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ደረጃውን ተመልሶ ይወርድ ነበር። እሷ ግን የፕላስቲክ ሣጥኗን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ጫማዋን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ አንኳኳች፣ ገና አሁን እንደደረሰ ሰው «ቤቶች» አለችና ገባች። ለነገሩ ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ላይ «በሁለት ሳምንት፣ ካስፈለገም ቀደም ብሎ» ነው የሚለው። «ካስፈለገም» የምትለዋን ማንም አላያትም። ሰው ከወረቀት ላይ የሚመቸውን መስመር መርጦ ነው የሚያነበው።

ክፍሉ ሳሎን መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ጀርባ እትዬ የምትተኛበት አልጋ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ደግሞ ገመድ ተወጥሮ ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዞች በመስቀያ ተደርድረዋል። ስልሳ ታዝዘዋል፣ አርባ አንዱ አልቀዋል፣ ሰኞ መድረስ አለባቸው። በሩ አጠገብ ያለው መጋረጃ ግማሹ ተሰቅሎ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ እትዬ ሁለት ወንበር አነባብራ ስትሰቅለው ነው ወድቃ ቅልጥሟን የሰበረችው፣ እና እሷ ራሷ ካልጨረሰችው በቀር ማንም ሊነካው አልደፈረም። የተሰበረው ቀኝ እግሯ ነው። ሠላሳ ዓመት ፔዳል የረገጠ እግር። በቀዶ ሕክምና ብረት ገብቶለት በስድስተኛው ቀን ቤቷ ስትመለስ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ተኝቶ ሾርባ ይጠጣል፤ እሷ ፔዳሉን ወደ ግራ አስጎተተች። መጀመሪያ ቀን መኪናው እንደ ደነገጠ በቅሎ ይዘልባት ነበር አሉ። በሦስተኛው ቀን ግራ እግሯ ሥራውን ተማረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው የትኛው እግር እንደሚረግጥ መለየት አይችልም። ይህን ቢንቢም ታደንቃለች። አፏን ሞልታ ብትናገረው ኖሮ ምናልባት ስሟ ይቀየርላት ነበር፤ ግን እትዬን ፊት ለፊት ማመስገን የጋለ ካውያ እንደመንካት ነው፣ ከየት በኩል እንደሚያዝ አይታወቅም።

«ደህና አደርሽ እትዬ።»

«እስክትመጪ ደህና ነበርኩ።»

እናትየዋ ሳይጠየቁ ካሬ ደብተራቸውን ከትራስ ሥር አወጡ። ልጃቸው ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ልክ በሁለት ሰዓት ትኩሳቷን ይለካሉ፤ ቴርሞሜትሩን በብርጭቆ ውስጥ እንደ አበባ አስቀምጠውታል። ጎረቤት ሲመጣ ደብተሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ዜና አንባቢ ቢሆኑ ያምርባቸው ነበር። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት» አሉ መነጽራቸውን ወደ ታች ገፋ አድርገው። «ትኩሳት የለ፣ ምን የለ። ምን ልትፈልጊ ነው?»

ቢንቢ የምትፈልገውን ብትናገር ይስቁባታል። ትናንት ልትጠይቅ መጥታ ሳለ ከመኪናው ሥር የተተረተረ ክር ክምር አየች። አንድ ኮሌታ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። እትዬ እኮ መተርተር የማታውቅ ሴት ናት፤ አንዴ የቆረጠችውን ደግማ አትቆርጥም ይባልላታል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ኮሌታ ላይ ሁለት ጊዜ ሲስት ወይ ዓይኑ ደክሟል፣ ወይ እግሩ እየጠዘጠዘው አልናገርም ብሏል። «ለመዝገቡ ያህል ነው» አለች ቢንቢ፣ የክንድ ማሰሪያ ላስቲኩን ከሣጥኗ እያወጣች። «ማታ መጥቼ ቁልፍ እተክልልሻለሁ።»

«አንቺ የተከልሽው ቁልፍ እኮ ልጁ ሲያስነጥስ ይበራል።»

«እንግዲያው እተኩሳለሁ። ካለቁት ሃያውን።»

«አርባ አንዱንም።»

«አርባ አንዱንም።»

እትዬ በዚህ ዋጋ ክንዷን ሰጠች፣ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ደም ማየት አትወድም፣ ይህን የምታውቀው ቢንቢ ብቻ ናት። ቢንቢ በሁለት ጣቷ ደም ሥሩን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ወጋች። ቲዩቡ ሲሞላ የእትዬን ግንባር አየች። ላብ ችፍ ችፍ ብሏል። «ሞቀሽ እንዴ?» ስትላት «ካውያው ነው» አለች። ካውያው ጥግ ላይ ሽቦው ተጠቅልሎ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ቢንቢ ካውያውን አየችው፣ እትዬንም አየቻት፤ ጥጡን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችና ቲዩቡን ይዛ ወጣች።

ላብራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። እዚያ አንድ ሕግ አለ፣ ግድግዳ ላይ ባይለጠፍም ሁሉም ያውቀዋል፤ የዘመድህን ናሙና አንተ አትሠራውም። ዓይን የሚወደውን ሰው ቁጥር ሲያነብ ወደ ደህናው ያዳላል ይላሉ። ስለዚህ ቢንቢ ቲዩቡ ላይ ቁጥር ብቻ ለጥፋ ለባልደረባዋ ሰጠች። ባልደረባዋ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው፣ ተጠራጣሪው ይባላሉ። እናታቸውን ሳይቀር መታወቂያ የጠየቁ ሰው ናቸው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እሳቸውም አይክዱም፤ «አሳየችኝ፣ ትክክል ነበር» ይላሉ።

የሚፈለገው ሲአርፒ የሚሉት ነገር ነው። ጉበት ነው የሚሠራው። ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ነገር ሲቃጠል ጉበት ይሰማና ወደ ደም ይለቀዋል። አጥንት ሲሰበር ይወጣል፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ደግሞ ጣራ ይነካል፤ ያ የተለመደ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን መውረድ አለበት፣ በየቀኑ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ዋናው ጥያቄ ስንት ነው ሳይሆን ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። የእትዬ ቁጥር በሁለተኛው ቀን መቶ አርባ ስምንት ነበር፣ በአምስተኛው ስልሳ አንድ፣ በስምንተኛው ሠላሳ ስምንት። ቢንቢ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛቸዋለች። ለዛሬ ከሃያ በታች እየጠበቀች ነው። ሃያ ከወጣ ማታ ሄዳ አርባ አንድ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ይስቁባታል፣ ያልፋል።

«ዘጠና ሰባት» አሉ ተጠራጣሪው።

ቢንቢ የሌላ ሰው ናሙና ያነበቡ መስሏት ቀና አላለችም። ከዚያ «ቲዩቡ ተቀያይሮ ይሆናል» አለች። «ቁጥሩን የጻፍሽው አንቺ፣ የተቀበልኩሽ እኔ፣ በመሐል ማን ገባ?» አሏት። እሳቸውም ግን ያው እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠሩ። ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን የመፈተሻ ፈሳሽ አስገቡ፣ ማሽኑ ትክክለኛውን ተናገረ። የእትዬን ደም ደገሙት፣ ዘጠና ስድስት። ነጭ የደም ሴሎቿን ቆጠሩ፣ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ከደህናም ደህና። «ይሄ ደግሞ ምንም አልሰማሁም ይላል» ብለው ራሳቸውን አከኩ። «የደም መርጋቱንስ ልይላት? ዲዳይመር?»

«እሱ እግሩ የተሰበረውን ሁሉ ነው የሚከሰው ጋሼ። ደም ባይረጋም ይጮኻል።»

«እውነትሽን ነው። እሱን እኔም አላምነውም።»

ቢንቢ ስልኩን አንስታ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቸኩሎ ነው የሚናገረው፣ ግን ክፉ አይደለም። ዘጠና ሰባት አለችው። ትኩሳት አላት ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ቢንቢ የአማቷን ደብተር በዓይነ ሕሊናዋ እያየች የላትም አለች። ቁስሉስ ሲላት፣ ተዘግቷል፣ ደረቅ ነው፣ ቅዳሜ ነው ፋሻው የተቀየረው አለች። «ጉንፋን ይሆናል፤ ጥርሷንም አሟት ይሆናል» አለ። «ይሄ ቁጥር እሳት አለ ይላል እንጂ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሆነ አይናገርም፣ ታውቂያለሽ። ሰኞ ላያት። ትኩሳት ካላት ግን ዛሬውኑ አምጪያት፣ አልሄድም እጠብቃለሁ።» እውነቱን ነው። ስሕተት የለበትም። ቢንቢ ስልኩን ዘጋችና ወንበሩን በእጇ ተደግፋ ቆመች። ዛሬ ዓርብ ነው። እሳቱ ያለው ብረቱ አጠገብ ከሆነ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ አጥንት ውስጥ ለመግባት በቂ ጊዜ አለው፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ደግሞ እንኳን ፔዳል መርገጥ፣ እግሩ ራሱ መትረፉ አይታወቅም። ጥርስ ከሆነ ደግሞ እትዬን በከንቱ ከመኪናዋ ነቅላ፣ ዩኒፎርሙን አስቀርታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሚሳቅባት ቢንቢ ሆና ትቀራለች።

ተጠራጣሪው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ «ትኩሳቷን በስንት ሰዓት ነው የሚለኩላት?» አሏት።

«ጠዋት በሁለት ሰዓት። ከቁርስ በኋላ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድ ደቂቃ አያዛንፉም።»

«እኔ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚናገር ምስክር አላምንም» አሉ ሽማግሌው፣ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁት። «ሂጂና በሌላ ሰዓት ለኪ። የቀረውን ናሙና እኔ እሠራልሻለሁ።»

ቢንቢ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀችም። ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ነው አውቶብስ የተሳፈረችው፤ ትኬት ቆራጩ ሐኪም መስላው ስለ ወገቡ ሕመም አንድ ፌርማታ ሙሉ አወራት፣ እሷም አንድ ፌርማታ ሙሉ ራሷን ነቀነቀችለት፣ ምን እንዳለ አንድ ቃል አታስታውስም። እነ እትዬ ቤት ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በሩ አልተቆለፈም። አማቷ ክር ልገዛ ብለው ወጥተዋል። መኪናው ዝም ብሏል፣ ገመዱ ላይ ደግሞ አንድም ሸሚዝ የለም፣ ባዶ መስቀያዎች ብቻ ይወዛወዛሉ። ቢንቢ መጀመሪያ ሌባ የገባ መሰላት። ከዚያ አልጋውን አየች።

እትዬ ሸሚዞቹ ሥር ናት። ብርድ ልብሱ በወዲያኛው ክፍል ነው፣ ክራንቿ ወድቆ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገብቷል፣ ብርዱ ሲመጣባት ከአልጋዋ ሆና እጇ የደረሰበትን ነው የለበሰችው፤ አርባ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ። ግን እንዲያው ዘርግፋ አልከመረቻቸውም። እንዳይጨማደዱ አንድ በአንድ ዘርግታ፣ ኮሌታ በኮሌታ ላይ፣ እጅጌ በእጅጌ ላይ ነው የደራረበቻቸው፤ በዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ መሐል። ክምሩ እንደ ውኃ ይርገበገባል፣ ጥርሷ ሲጋጭ ከበሩ ይሰማል። ቢንቢ ይህን ስታይ ማልቀስም መሳቅም አማራት። አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም። ቴርሞሜትሩን ከብርጭቆው አንስታ ብብቷ ሥር አስገባችላት፣ ሄዳ ብርድ ልብሱን አመጣች፣ ሸሚዞቹን እንደተደረደሩ በሁለት ክንዷ አቅፋ መኪናው ላይ አስቀመጠች። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።

«ክኒኑን የት ነው የምታስቀምጪው?» አለች ቢንቢ።

«የምን ክኒን?»

«እትዬ።»

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። «ከቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ።»

በቁልፎቹ መሐል ሁለት ቅጠል ማስታገሻ አለ፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ተጋምሷል። ጠዋት ገና ስትነሳ ሁለት ፍሬ ትውጣለች፣ እናቷ በሁለት ሰዓት ቴርሞሜትሩን ይዘው ሲመጡ ትኩሳቱ በላብ ወጥቶላት ትጠብቃቸዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ እናቷን ክር ግዢ፣ መርፌ ግዢ እያለች ትልካለች፣ ሁለት ደግሞ ትውጣለች። ዛሬ ክራንቹ ሲወድቅባት ቆርቆሮው ጋ መድረስ አቃታት፣ ይኸው ነው። ሲጀምር ለሕመሙ ብላ ነበር የዋጠችው፤ ቴርሞሜትሩንም እንደሚያስተኛው ያወቀችው በኋላ ነው። አራት ቀኗ ነው።

«ሰኞ እስኪመጣ ነው» አለች፣ ድምጿ ከጥርሷ ጋር እየተንቀጠቀጠ። «አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁለት ትምህርት ቤት ነው። ከሰኞ ካለፈ ለፋብሪካ እንሰጣለን ብለዋል። የፋብሪካውን ኮሌታ አይተሽዋል? ልጆቹ አንገታቸውን እንደ ኤሊ ነው የሚያወጡት። እኔ ተኝቼ እነዚያ ልጆች ኤሊ አይሆኑም። ማክሰኞ ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

ቢንቢ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ በአውቶብሱ ውስጥ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። አሁን ግን ይህችን ሴት በአንድ እግር፣ በሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት፣ ኮሌታ ስታቃና በሐሳቧ አየቻትና የቁጣው ቃል ሁሉ ጠፋባት። የባሏ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለው አያውቅም፤ ሁሉም አፏን እንጂ እጇን አያይም። ቢንቢ ጠመኔውን ከመኪናው ላይ አነሳችና በሸሚዝ ንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ አራት ቁጥር ጻፈች፤ 148፣ 61፣ 38፣ 97። ወረቀቱን እትዬ ፊት ያዘችላት። «ያንቺ ደም ነው። ሁለተኛው ቀን፣ አምስተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዛሬ። ደህና ሰው ላይ ይወርዳል እንጂ ተመልሶ አይወጣም።»

እትዬ ወረቀቱን ደንበኛ እንዳመጣው ልብስ አየችው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ተመልሳ። ጣቷን ሠላሳ ስምንት ላይ አሳረፈች። «እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሄዷል» አለች። ጣቷ ወደ ዘጠና ሰባት ተሻገረ። «እዚህ ጋ ተተርትሯል።»

«ከላይ አይታይም። ቆዳው ተዘግቷል። የተተረተረው ከውስጥ ነው፣ ብረቱ ጋ፣ ይመስለኛል።» ቢንቢ ወረቀቱን አላወረደችም። «ሰው ካፖርት ይዞልሽ መጥቶ ከውስጥ ተተርትሯል ቢልሽ፣ ከላይ ትለጥፊበታለሽ?»

«እኔ ለጣፊ ነኝ እንዴ?» አለች እትዬ ተቆጥታ። «እከፍተዋለሁ እንጂ።»

ካለችው በኋላ ያለችውን ሰማችው።  ከታች መንገድ ላይ የሆነ መኪና ክላክስ አሰማ፣ ቆመ፣ ሄደ። እትዬ ዓይኗን ከወረቀቱ ወደ መኪናዋ አዞረች፣ ያላለቁት አሥራ ዘጠኙ ተቆርጠው፣ በክር ታስረው ወደተቀመጡበት። እናትየዋ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ ማንም አላየም፣ የክር ጥቅሉን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፣ የክኒኑን ባዶ ቅጠል አይተዋል፣ ቴርሞሜትሩንም። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን።

«እማዬ፣ እንዳትሰጊ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ለሰው አነብ ነበር» አሉ እናትየዋ።

 ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ መኪናው ሥር ተንበርክከው ፔዳሉን በሁለት እጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ ጎተቱት። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ከታሰሩት አንዱን ፈቱ። እትዬ አፏን ከፈተች። «መስፋት ማን አስተማረሽና» አሉ ሳያዩዋት። «እግርሽን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ።» መኪናው ጮኸ፣ ቀጥ ያለ ረጅም ድምፅ፣ እና እትዬ ጆሮዋን አቁማ ስፌቱን አዳመጠች፤ ጉድለት ስታጣበት ብቻ ነው ክራንቼን አንሺልኝ ያለችው።

የቢንቢ ባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ስትደውልለት ከሚሠራበት ሕንፃ ኖራ በፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው የመጣው። እህቱን አዝሎ ደረጃውን ወረደ፣ እሷም ከጀርባው ሆና «ቀስ በል፣ የሽቦ ጥቅል አይደለሁም» እያለች ወረደች። በታክሲው ውስጥ ግን ዝም አለች፣ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጋ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ቀዶ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። ቁስሉ እንደ ጥሩ ስፌት ቀጥ ብሎ ተዘግቷል፣ መቅላት እንኳ ብዙም የለውም፤ ሐኪሙ ዓይኑን አነሳና ቢንቢን አያት፣ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከቁስሉ ጎን ጫን ሲል እትዬ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ ወደ ጥልቁ ሰደደና ሳበ። የመጣው ፈሳሽ ደፍርሷል። ሐኪሙ መቼ እንደበላች ጠየቃት፣ ከቁርስ በኋላ ምንም ስትለው ነርሷን ጠራ። «አሁኑኑ እንከፍተዋለን» አለ።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው መተላለፊያ ላይ የተሽከርካሪ አልጋው ጥቂት ቆመ። ባልየው ወረቀት ሊፈርም ሄዷል። ለእትዬ አረንጓዴ ቆብ አድርገውላታል፤ ስፌቱን በጣቷ ዳብሳ «ይሄን የሰፋው ሰው ሰክሮ ነበር» አለች። ከዚያ የቢንቢን ካፖርት እጅጌ ያዘች። አልጎተተችም፣ ያዘች ብቻ።

«እግሬ ይተርፋል?»

ቢንቢ ለሕመምተኛ የሚባለውን ታውቃለች፤ ምንም አትሆኚም፣ አይዞሽ፣ አትስጊ። ይህች ሴት ግን በአራት ቁጥር ውስጥ የተተረተረውን ያየች ናት። «አላውቅም» አለች። «ነገ ደም እወስዳለሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ስለተነካካ ነው፣ እንዳትደነግጪበት። ከነገ ወዲያም ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ መውረድ አለበት።»

«ካልወረደስ?»

«እነግርሻለሁ።»

«ለኔ» አለች እትዬ። «ለሐኪሙ ትነግሪያለሽ፣ ሥራሽ ነው። ከቤተሰቡ ግን መጀመሪያ ለኔ። እማዬ ፊት ከሆነ ሁሉም ሰው ፊቱን አሳምሮ ነው የሚመጣው፣ እኔም ፊቴን አሳምሬ እቀበላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ስንባባል እግር ይሄዳል።»

«መጀመሪያ ለአንቺ።»

እትዬ እጅጌውን ለቀቀችው፣ የጨበጠችበትን ጨርቅ በመዳፏ ሁለት ጊዜ አቃናችው፣ አልጋውም ገባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። ቆቡን በእጁ ይዟል፣ ግንባሩ ላይ የላስቲኩ መስመር ቀርቷል። ብረቱ አጥንቱን እንደያዘ ነው አለ፤ መግሉ ሥጋው ውስጥ ነበር፣ ታጥቧል፣ ምናልባት ደግመን እናጥበዋለን፤ አጥንቱን ገና አልነካውም። መድኃኒቱ ረጅም ጊዜ ይወሰዳል። «ሰኞ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የማወራችሁ» አለና ሊሄድ ዞረ፣ ግን ተመልሶ ለቢንቢ «ጠዋት ቁጥሩን ስትነግሪኝ ነበር መጥታ ትታይ ማለት የነበረብኝ» አላት። ቢንቢ «ጠዋት እኔም ትኩሳት የላትም ነው ያልኩዎት፣ ዶክተር» አለችው። እሱም ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ባልየው ትንፋሹን ከሆዱ አወጣ። ወደ እናቱ ደወለ፣ ከስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፣ እናቱ እያለቀሱ መስፋታቸውን አላቆሙም። ስልኩን ዘግቶ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ኖራውን ከፀጉሩ አራገፈ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ብዙ ጊዜ እንዳላያት ሰው አያት። «ነገ ደም ትወስጂላታለሽ አይደል?» አለ።

«እወስዳለሁ።»

«ቁጥሩ እንደወጣ ደውይልኝ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መጀመሪያ ለኔ። እሷን ከማስደንገጣችን በፊት እኔና እማዬ እንመካከርበት።»

«አልደውልልህም» አለች ቢንቢ።

«እንዴት? ወንድሟ እኮ ነኝ።»

«እግሩ የሷ ነው» አለችና ጠጋ እንዲልላት በክርኗ ነካ አደረገችው፤ ሆስፒታሉ ከደረሱ ጀምራ አልተቀመጠችም ነበር።